በውሃም በየብስም የሚያርፍ አውሮፕላን



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ፣ ድባጤ አካባቢ 6ኛ ክፍል ገብቼ ስለ መንሳፈፍ ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ አውሮፕላን አባይ ላይ ቢያርፍ ይሰምጣል?» አለኝ። እኔም ሳላስብ «አዎ፣ ይሰምጣል» ብዬ አለፍኩት። ኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ አውሮፕላን መኖሩን ተረዳሁ። እናንተም እንደ እኔ እንዳትሳሳቱ የተረዳሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

እንደ እንቁራሪት ከውሃም ከየብስም የሚነሣና በሁለቱም ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን አምፊቢያን ይባላል። በራሱ ሞተር ከውሃ ላይ የተነሣውን የመጀመሪያ አውሮፕላን ፈረንሳዊው ኦንሪ ፋብር በ1910 እ.ኤ.አ. አበረረ። በዓመቱ አሜሪካዊው ግሌን ከርቲስ የውሃ አውሮፕላኑን የሚታጠፍ ጎማ ጨመረለትና ሁለቱንም እንዲችል አደረገው። በ1948 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴቪድ ቴርስተን የነደፈው ስኪመር የተባለ ትንሽ አምፊቢያን በረረ፤ ሌክ በሚል ስም የታወቁት አውሮፕላኖች ከእሱ የመጡ ናቸው።

ታዲያ ነዳፊው ምን ምን ያስባል?

1ኛ/ መንሳፈፍ። በአርኪሜደስ ሕግ መሠረት 600 ኪሎ የሚመዝን አውሮፕላን 600 ሊትር ውሃ፣ ማለትም ሦስት በርሜል ያህል ገፍቶ ቦታውን መያዝ አለበት። ስለዚህ ሆዱ እንደ ጀልባ ይሠራል። ወደ ጎን እንዳይገለበጥም በክንፎቹ ሥር ወይም በሆዱ ግራና ቀኝ ትናንሽ ተንሳፋፊዎች ይደረጉለታል።

2ኛ/ ከውሃ መላቀቅ። ከባዱ ነገር ይኸ ነው። አንድ ሙከራ ሥሩ፤ ማንኪያ በእጀታው ጫፍ ላላ አድርጋችሁ ያዙና ጎባጣ ጀርባውን ከማሰሮ ወይም ከጆግ ወደሚፈስ ውሃ አስጠጉት። ውሃው ማንኪያውን የሚገፋው ይመስላችኋል፤ እሱ ግን ስቦ ወደ ራሱ ያስገባዋል። የአውሮፕላኑ ሆድም ጎባጣ ሆኖ ቢቀር ውሃው እንዲሁ አጣብቆ ይይዘዋል። መፍትሔው ከሆዱ ሥር፣ መሐል አካባቢ፣ ስለታም ጠርዝ ያለው ደረጃ ማበጀት ነው። ውሃው ጠርዙ ጋ ሲደርስ ይለቃል፤ አየር ይገባል፤ አውሮፕላኑም በውሃው ፊት ላይ እየተንሸራተተ ፍጥነት ያገኛል።

3ኛ/ ሞተር። የውሃ ፍንጣቂ ፕሮፔለሩን ስለሚጎዳ፣ በብዙዎቹ ሞተሩ ከክንፉ በላይ ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። ይኸም ዕዳ አለው፤ ግፊቱ ከላይ ስለሚመጣ አብራሪው ጉልበት ሲጨምር አፍንጫው ወደ ታች ማለት ይወዳል።

4ኛ/ ጎማ። ውሃ ላይ ሲያርፍ ጎማው መታጠፍ አለበት። ጎማው እንደተዘረጋ ውሃ ከነካ ውሃው ይይዘውና አውሮፕላኑ በአፍንጫው ሊገለበጥ ይችላል። አብራሪው ከማረፉ በፊት «የማርፈው ውሃ ላይ ነው ወይስ መሬት ላይ?» እያለ ራሱን የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ግን ክብደት ነው። በአሜሪካ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀላል ስፖርት አውሮፕላን ደንብ ከነሰዎቹና ከነነዳጁ በየብስ ለሚያርፍ 600፣ በውሃ ለሚያርፍ 650 ኪሎ ገደማ ጣሪያ አስቀምጦ ነበር። የተጨመረው ግማሽ ኩንታል ብቻ ነው። አይከን ኤ5 የተባለው ባለሁለት መቀመጫ አምፊቢያን ተሽከርክሮ እንዳይወድቅ ተብሎ የተደረገለት ንድፍ ክብደት ስለጨመረበት ልዩ ፈቃድ አስፈለገው፤ በመጨረሻም 685 ኪሎ ገደማ ሆነ። ሞተሩ ግን 100 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው።

ይህን ሒሳብ የአገራችን ሰዎችም ገና ድሮ ገጥመውታል። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት «ፀሐይ» ባለሁለት መቀመጫ ቀላል አውሮፕላን ናት። እርግጥ በጎማ ብቻ የምትነሣ እንጂ አምፊቢያን አይደለችም። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ነበር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተሩም፣ ፕሮፔለሩም፣ ክንፉም ይደክማሉ፤ ፀሐይ ግን በረረች። በኋላ በጣሊያኖች ተወስዳ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ ቀድሞ የውሃ አውሮፕላኖች ጣቢያ በነበረው በቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ስትታይ ኖራ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። አባይ ድንጋያማና ጠባብ በሆነበት ቦታ ለማረፍ አይመችም፤ ሰፊና ጸጥ ያለ ውሃ ያስፈልጋል። ከጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ግን በእኛው መተከል፣ ጉባ ላይ ሰፊ ሐይቅ ፈጥሯል። ሐይቁ ሲሞላ ከፍታው 640 ሜትር ገደማ ሲሆን ጣና ግን 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ቆላው ሙቀት አየሩን ቢያሳሳውም፣ ለደካማ ሞተር ከጣና ይልቅ ጉባ ይሻላል ማለት ነው።

ስለዚህ ወደዚያ ትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማደርገው «ያን ቀን ተሳስቼ ነበር» ማለት ነው። ቀጥሎ ማንኪያና ጆግ አወጣለሁ። ልጆቹ ራሳቸው ይሞክሩት!