ምግብ ቤት ነው ወይስ ቤተ መቅደስ?

የህንድ ሬስቶራንት ፎቶ ኢንስታግራም ላይ አይታችሁ «ይሄ ምግብ ቤት ነው ወይስ ቤተ መቅደስ?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ብለናል። የተቀረጹ ምሰሶዎች፣ ከጣሪያ የተንጠለጠሉ የነሐስ ደወሎች፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን። ነገሩ ከየት እንደመጣ እንይ።

የደቡብ ህንድ ቤተ መቅደስ ስትገቡ መጀመሪያ የምታገኙት ጎፑራም የሚባለውን የበር ማማ ነው፤ ከላይ እስከ ታች በምስል የተሞላ። እሱን ስታልፉ ማንዳፓ አለ፣ ምሰሶ የበዛበት አዳራሽ ማለት ነው። ማዱራይ ከተማ በሚገኘው የሚናክሺ ቤተ መቅደስ «ባለ ሺህ ምሰሶ» የሚባለው አዳራሽ ሲቆጠር 985 ነው (ያው 15 ቢጎድል ማን ይጣላል)። መጨረሻ ላይ ጋርባግሪሃ ይመጣል። ትርጉሙ «የማህፀን ክፍል» ነው፤ ጠባብ፣ ጨለማ፣ የአምላኩ ምስል ያለበት። ማለትም ሰውየው ከፀሐይ ወደ ጨለማ፣ ከሰፊው ወደ ጠባቡ እየገባ ይሄዳል።

ጎበዝ ዲዛይነር የሚወስደው ይህን ጉዞ ነው። በሩን ግዙፍ ያደርገዋል፣ ወደ ውስጥ ብርሃኑን ይቀንሳል። ምሰሶው ደግሞ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ግድግዳ ሳይሠራ ሰፊውን ክፍል ይከፋፍልለታል፣ እያንዳንዱ ጠረጴዛ የራሱ ጥግ ያገኛል። ድንጋይ ከባድና ውድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ምሰሶው እንጨት ወይም ፋይበርግላስ ነው። አንኳኩታችሁ ሞክሩት፣ ድምፁ ያጋልጠዋል።

ችግሩ የሚመጣው ሐውልቱ ጋ ነው። ለሂንዱ አማኝ የአማልክት ምስል ጌጥ አይደለም፣ ጫማ አውልቆ ፊቱ የሚቆምለት ነው። ይሄ ምስል ባር ላይ ከቢራ ጠርሙስ ጎን ወይም መጸዳጃ ቤት በር ላይ ሲቀመጥ ቢያናድደው አይገርምም። ስለዚህ አስተዋዮቹ አማልክቱን ትተው ሎተስ አበባ፣ ዝሆን ወይም መንኮራኩር ይጠቀማሉ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የኮናርክ የፀሐይ ቤተ መቅደስ ብቻ 24 የድንጋይ መንኮራኩሮች አሉት፣ ከበቂ በላይ ነው።

ሌላው ጥያቄ «ዕቃው ከየት መጣ?» የሚለው ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ጋለሪ በ2008 የሺቫን የነሐስ ሐውልት ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛ። በኋላ ከታሚል ናዱ ቤተ መቅደስ የተሰረቀ መሆኑ ታወቀና በ2014 ለህንድ ተመለሰ። ያን ያህል ባለሙያ ያለው ሙዚየም ከተሸወደ፣ «ኦሪጅናል ጥንታዊ ነው» የተባለ የሬስቶራንት ባለቤትማ እንዴት ይሆናል? የህንድ የ1972 ሕግ ግለሰብ እንዲህ ያለ ጥንታዊ ቅርስ ከአገር እንዳያወጣ ይከለክላል።

አዲስ ማሠራት ግን ይቻላል። እዚያው ታሚል ናዱ፣ ስዋሚማላይ የምትባል ከተማ ውስጥ ባለሙያዎች ዛሬም በድሮው መንገድ ይሠራሉ። መጀመሪያ ምስሉን በሰም ይቀርጹታል፣ በጭቃ ይሸፍኑታል፣ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በቦታው የቀለጠ ብረት ይፈስሳል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል፤ ስለዚህ አንዱ ቅርጽ የሚያወጣው አንድ ሐውልት ብቻ ነው።