ያለ እጅ ንክኪ የሚሠሩ መገናኛዎች በቀዶ ሕክምና ክፍል ምን ይፈይዳሉ?

እአአ መስከረም 21/2013 ታጣቂዎች በናይሮቢ ዌስትላንድስ የሚገኘውን የዌስትጌት የገበያ ማዕከል ሲያጠቁ፣ ቁስለኞች በአቅራቢያው ወዳሉት የፓርክላንድስ ሆስፒታሎች፣ ኤምፒ ሻህ እና አጋ ካን፣ ተወሰዱ። በጥቃቱ 67 ሰዎች ተገድለዋል።

እንዲህ ባለ ቀን በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ያለ ሐኪም ከመሣሪያና ከመድኃኒት ባልተናነሰ መረጃ ያስፈልገዋል። ደም መጥቷል? የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ አለው? ቀጣዩ ቁስለኛ የተመታው የት ላይ ነው? ይሁንና እጆቹ ታጥበው፣ ከጀርም የጸዳ ጓንት ለብሰው በታካሚው ሰውነት ላይ ናቸው። ስልክ መንካት ማለት ጓንት አውልቆ እንደገና መታጠብ ማለት ነው።

የተለመደው መላ ስልኩን ለነርስ መስጠት ነው። ነርሷ ሰምታ ለሐኪሙ ትነግራለች፣ የእሱን መልስ ደግሞ ለደዋዩ ታስተላልፋለች። መልዕክት የሚጎድለውም ሆነ የሚዛባው በዚህ ቅብብሎሽ መካከል ነው።

ተመራማሪዋ ሎሬሌ ሊንጋርድና ባልደረቦቿ በካናዳ አጥንተው እአአ በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በቀዶ ሕክምና ክፍሎች ከተመዘገቡ 421 የመረጃ ልውውጦች 129ኙ ጉድለት ነበረባቸው። አብዛኛው ጉድለት የተሳሳተ ነገር ከመናገር የመጣ አልነበረም። ከሁሉ በላይ በብዛት የታየው ጉድለት የሚያስፈልገው ነገር በተገቢው ጊዜ አለመነገሩ ነበር።

ስም ጠርቶ መገናኘት

ከእጅ ነጻ የሆኑት መገናኛዎች ሊያጠቡት የሚሞክሩት ይህንን ክፍተት ነው። አንደኛው ዓይነት አንገት ላይ የሚንጠለጠል ወይም ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ ነው። በካሊፎርኒያ የተመሠረተውና እአአ በ2022 በስትራይከር የተገዛው ቮሴራ ኩባንያ በዚህ ይታወቃል። ባለሙያው ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ይለብሰዋል፤ ከዚያም በድምፁ ብቻ ያዝዘዋል። ድምፁ በዋይፋይ ወደ ሆስፒታሉ ኮምፒውተር ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ የተጠራውን ሰው ፈልጎ ያገናኛል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ሰውን በኃላፊነቱ ማስጠራቱ ነው። "የሰመመን ተረኛ" ብሎ የሚጠራ ሐኪም በዚያ ሌሊት ተረኛው ማን እንደሆነ፣ ቁጥሩም ስንት እንደሆነ ማስታወስ አይጠበቅበትም።

ሁለተኛው ዓይነት የቡድኑ አባላት በሙሉ የሚያደርጉት፣ ማይክሮፎን ያለው ቀላል የጆሮ ማዳመጫ ነው። ሐኪሙ ከታካሚው ርቆ ተቀምጦ በሮቦት ሲሠራ፣ ወይም ባለሙያዎች የልብ ሕክምና በሚሰጥበት ክፍልና በመስታወት በተለየው መቆጣጠሪያ ክፍል ሲከፈሉ ይጠቅማል። በኮቪድ ወቅት ደግሞ ድርብ ጭምብል ድምፅን ማፈኑ፣ ከንፈርንም መሸፈኑ የዚህን ዓይነት መሣሪያ ጥቅም አጉልቷል።

ችግርም አያጣቸውም። ድምፅ የሚለይ ኮምፒውተር ባልለመደው አነጋገር ይሳሳታል፤ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ፣ ወይም እንግሊዝኛና አማርኛ ተቀላቅለው በሚነገሩበት ክፍል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጨረር ለመከላከል በእርሳስ የተሸፈነ ግድግዳ የሬዲዮ ሞገድን ያዳክማል። መብራት ሲጠፋም፣ እአአ ነሐሴ 25/2023 አብዛኛውን ኬንያ እንዳጨለመው ዓይነት፣ ጄኔሬተር የቀዶ ሕክምናውን መብራት ቢያበራም በኮሪደሩ ያለው የዋይፋይ ማሰራጫ በዚያው መስመር ካልተያያዘ አንገት ላይ ያለው መሣሪያ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ሻጮች ስለዚህ እምብዛም አያወሩም።

ሚስጥር የመጠበቅ ጉዳይም አለ። ከወገቡ በታች ብቻ ደንዝዞ በንቃት የተኛ ታካሚ በድምፅ ማጉያ የሚነገረውን የሌላ ሰው ውጤት ይሰማል። የኬንያ የ2019 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም ሆነ ኢትዮጵያ እአአ በ2024 ያወጣችው አዋጅ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድበውታል።

ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ

እአአ በ2018 መጀመሪያ በናይሮቢው ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል የሁለት ታካሚዎች ማንነት ተለዋወጠ። የራስ ቅሉ ተከፍቶ በአንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ቀዶ ሕክምና የማያስፈልገው ሰው ነበር። ሐኪሞቹ ስህተቱን ያወቁት ከሰዓታት በኋላ፣ የፈለጉትን የረጋ ደም ሲያጡ ነው። ይህንን የትኛውም የጆሮ ማዳመጫ አያስቀረውም ነበር። የሚያስቀረው ከመጀመሪያው ቢላ በፊት የታካሚውን ማንነት ጮክ ብሎ ማረጋገጥ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ይህን ይጠይቃል፤ የቡድኑ አባላት ስማቸውንና ኃላፊነታቸውን እንዲናገሩም ያዝዛል። የታንዛኒያዋን ኢፋካራ ጨምሮ በስምንት ከተሞች ሲሞከር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደርስ ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። የሚፈልገው አንድ ወረቀትና የጥቂት ደቂቃ ጊዜ ነው።

መሣሪያው ያለው ሆስፒታልም ቢሆን ይህ ልማድ ያስፈልገዋል። "ሁለት ከረጢት ኦ ኔጌቲቭ፣ ክፍል ሦስት" ብሎ የጠየቀ ሐኪም "እሺ" የሚል መልስ ቢሰማ የደም ባንኩ ምን እንደሰማ አያውቅም። የደም ባንኩ ባለሙያ "ሁለት ከረጢት ኦ ኔጌቲቭ፣ ለክፍል ሦስት" ብሎ ሲደግምለት ግን፣ ስህተት ካለ ደሙ ከማቀዝቀዣው ሳይወጣ ይታረማል።