ኩላሊት ታሞ ልብ የሚወድቀው ለምንድን ነው?

ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው የኩላሊት እጥበት ነው። ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ግን እጥበት ደረጃ አይደርሱም፤ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ይቀድማቸዋል።

የለንደኑ ሐኪም ሪቻርድ ብራይት ኩላሊታቸው ታሞ የሞቱ ሰዎች ልብ ገዝፎ እንደሚገኝ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1836 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ካሊፎርኒያውያንን የተከታተለ ጥናት ደግሞ ልኩን አሳየ። ኩላሊታቸው በደቂቃ የሚያጣራው ከ45 እስከ 59 ወዳለው ሚሊ ሊትር በወረደባቸው ሰዎች የልብና የደም ሥር ሕመም ስጋት በ40 ከመቶ ያህል ጨምሯል፤ ከ15 በታች በወረደባቸው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል።

ምክንያቱ ብዙ ነው። የደከመ ኩላሊት ጨውና ውሃ ማስወገድ ያቅተዋል፤ የደም ግፊት ይንራል፤ ያንን ግፊት የሚገፋው ልብም ግድግዳው ይወፍራል። ሳይወገድ በደም የተከማቸው ፎስፌትም ከካልሲየም ጋር በደም ሥሮች ላይ እየተጋገረ ያደርቃቸዋል። የደም ማነስም ይከተላል። የአንጎልና የኩላሊት ጥቃቅን ደም ሥሮች በከፍተኛ ግፊት በአንድነት ስለሚጎዱ፣ በሽንት ውስጥ የታየ ፕሮቲን ለስትሮክም ማስጠንቀቂያ ነው።

በአማራ ክልሉ ዋግ ኽምራ ዞን ጉዳዩ ከዚህም ወደ ኋላ፣ እስከ እርግዝና ይሄዳል። አንድ ኩላሊት በአማካይ አንድ ሚሊዮን ያህል ማጣሪያዎች አሉት፤ ሁሉም የሚሠሩት በማህፀን ነው፤ ከዚያ በኋላ አይተኩም። እናት ተርባ ክብደቱ አንሶ የተወለደ ልጅ ማጣሪያዎቹ ያንሳሉ፤ ሲያድግ ለደም ግፊትና ለኩላሊት ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ሆላንድን የመታው ረሃብ በእርግዝና አጋማሽ ያገኛቸው ልጆች፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በሽንታቸው ፕሮቲን የታየባቸው ከሌሎች በዝተው ተገኝተዋል።

የዋግ ኽምራዎቹ ዝቋላ፣ ሰቆጣና አበርገሌም ድርቅ የተመላለሰባቸው ወረዳዎች ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የተወለዱት ዛሬ አርባዎቹን ይዘዋል፤ የደም ግፊት በብዛት የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ የተሰየመው በዞኑ ከተማ በሰቆጣ ስም ነው። የነፍሰ ጡሯ ምግብ ለልጁ ቁመት ብቻ ሳይሆን ለኩላሊቱና ለልቡም ስንቅ መሆኑ እምብዛም አይነገርም።

ሕክምናው ሩቅ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል የተከፈተው በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። እጥበት ደግሞ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ስለሚደረግ ከተማ ያስቀምጣል፤ ገበሬ በሬውን ሸጦም አይዘልቀውም።

ስለዚህ ለዋግ ኽምራ የሚበጀው አስቀድሞ መያዝ ነው። የደም ግፊት መለኪያና የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ውድ አይደሉም፤ ግፊትን የሚያወርደውና ኩላሊትን የሚጠብቀው ኢናላፕሪልም የቆየ፣ ርካሽ መድኃኒት ነው። የአገሪቱ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያዊው በቀን በአማካይ 8 ግራም ያህል ጨው እንደሚመገብ አሳይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ጨው ይቀንስ፤ የሕመም ማስታገሻዎቹን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያዘውትር፤ በዓመት አንድ ጊዜ ሽንቱንና ደሙን ይመርመር። ጤና ጣቢያዎችም መለኪያውና መድኃኒቱ እንዳይጎድሉባቸው ማድረግ የክልሉ ጤና ቢሮ ግዴታ ነው።