ሐምሌ 22 ቀን 614 ዓ.ም. ዓርብ ነበር

ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ከ1400 ዓመት በፊት ያለፈች አንዲት ቀን በየትኛው ዕለት እንደዋለች እናሰላለን። ቀኗ የእስልምናው የሂጅራ ዘመን አንድ ተብሎ የሚቆጠርባት ሙሐረም 1 ናት። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 614 ዓ.ም. ላይ ታርፋለች። ኮምፒውተር አያሻንም፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የያዙት ባሕረ ሐሳብ ይበቃናል።

መጀመሪያ ዓመተ ዓለሙን እናውጣ። ባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ይቆጥራል። በዚህ ላይ 614 ሲደመር 6114 ይሆናል። 6114 ለአራት ሲካፈል 1528 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ትርፉ 2 ነውና ዓመቱ ዘመነ ማርቆስ ነው። 1528ቱ መጠነ ራብዒት ይባላል። ዓመተ ዓለሙንና መጠነ ራብዒቱን ደምሩ፣ 7642 ይመጣል። ይህን ለሰባት ስታካፍሉት 5 ይተርፋል። ማክሰኞ 1፣ ረቡዕ 2 እያላችሁ ብትቆጥሩ 5 ቅዳሜ ላይ ይወድቃል። የ614 እንቁጣጣሽ ቅዳሜ ነበረ ማለት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ሐምሌ 22 ደግሞ 321 ቀን አለ፤ ለሰባት ሲካፈል 6 ይተርፋል። ከቅዳሜ ስድስት ቀን ወደፊት ብትሄዱ ዓርብ ትደርሳላችሁ።

በሂጅራው ስሌትም የተለመደው መነሻ ዓርብ ነው። (የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከአንድ ቀን ቀደም ብለው ከሐሙስ የሚነሱበት ስሌትም ነበራቸው።) ሁለቱ ስሌቶች የተለያየ ሃይማኖት ሰዎች የሠሯቸው ናቸው፤ አንዱ በፀሐይ ሌላው በጨረቃ ይሄዳል፤ ሆኖም ዓርብ ላይ ተገናኙ።

ያገናኛቸው ሳምንቱ ነው። የዓመት ቁጥር ሰው ከመረጠው መነሻ ይጀምራል፣ የወር ርዝመትም በስምምነት ይወሰናል። ሰባቱ ዕለታት ግን አይሁድም ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳያቋርጡ የተቀባበሏቸው ናቸው። የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 ከቀን መቁጠሪያው 10 ቀን ሲሰርዙ እንኳ ሳምንቱን አልነኩትም፤ ኦክቶበር 4 ሐሙስ ዋለ፣ በማግስቱ ዓርብ ኦክቶበር 15 ተባለ። ስለዚህ ሁለት የቀን መቁጠሪያዎችን ስታስተያዩ የመጀመሪያው ፈተና ዕለቱ ነው። ዕለቱ ካልገጠመ አንዱ ስሌት ተሳስቷል።

ያ ስረዛ ዛሬም ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ልዩነቱም አሁን 13 ቀን ደርሷል። አሁን ሐምሌ 22 በፈረንጆቹ ጁላይ 29 ላይ ይውላል። በ614 ግን የዋለው ጁላይ 16፣ 622 ላይ ነው፤ ያኔ ይሠራበት የነበረው የጁሊያን አቆጣጠር ስለሆነ። የዛሬውን ርቀት ይዞ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው በ13 ቀን ይስታል።

ለመሆኑ በዚያች ዓርብ የኖሩት ሰዎች ዓመቱን ምን ይሉት ነበር? በቁስጥንጥንያ የንጉሥ ሕርቃል 12ኛ ዓመተ መንግሥት ነው፤ በ15 ዓመት እየዞረ በሚመለሰው የግብር ዙር ደግሞ 10ኛው ዓመት ነው። የባይዛንታይን የዓለም አቆጣጠር 6130 ይለዋል። ግብጾች ከንጉሡ ከዲዮቅልጥያኖስ ሲነሱ 338 ላይ ነበሩ፤ ከእኛው 614 ላይ 276 ብትቀንሱ ታገኙታላችሁ፤ ኋላ ዓመተ ሰማዕታት የተባለው ነው። ሶርያውያን ከሰሌውቅያ ነገሥታት ጀምረው ሲቆጥሩ 933 ይላሉ። በቻይና የታንግ ሥርወ መንግሥት የመጀመሪያው ንጉሥ የሰየሙት የዉዴ ዘመን 5ኛ ዓመት፣ የፈረስ ዓመት ነበር። 622 የሚለው ቁጥር ግን አውሮጳ ውስጥ ገና አልተለመደም። ዲዮናስዮስ የተባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ525 ሮም ላይ ቢቀምረውም፣ የእንግሊዙ መነኩሴ ቤዳ በ731 የታሪክ መጽሐፉን ሲጽፍበት ነው መስፋፋት የጀመረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። «እኛ ከዓለም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነን» የሚለው ንግግር ስህተት ነው። 614ም 622ም የሚነሱት ከክርስቶስ ልደት ነው። የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ልደቱን አንድ ቦታ አስቀመጠው፤ ዲዮናስዮስ ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ሌላ ቦታ አስቀመጠው። እኛ የእስክንድርያውን ያዝን፣ አውሮጳ የሮማውን ያዘ። የዘገየም የቀደመም የለም፤ ልጆቻችንም ይህን በትክክል ሊማሩት ይገባል።

የሂጅራው አንድም በጊዜው አንድ አልተባለም። ዘመኑን የወሰኑት ኸሊፋ ዑመር ናቸው፣ ነቢዩ ሙሐመድ ወደ መዲና በተሰደዱ በ17ኛው ዓመት ገደማ። መነሻ ያደረጉትም ነቢዩ ሙሐመድ መዲና የገቡበትን ቀን ሳይሆን የዚያን ዓመት የመጀመሪያ ወር ነው። ነቢዩ መዲና የደረሱት በረቢዑል አወል ነው፤ በእኛ ወር ሲቆጠር መስከረም 615 ይሆናል። ያ የመጀመሪያው የሂጅራ ዓመት የእኛን ሁለት ዓመታት ይነካል ማለት ነው። የሂጅራው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ብቻ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ እየፈጠነ ሄዷል፤ 1447 የገባው በሰኔ 2017 ነው። በእኛ 1403 ዓመት ሲያልፍ በእነሱ 1446 አልፏል፣ የ43 ዓመት ልዩነት።

በ614 አክሱም ውስጥም ሙስሊሞች ነበሩ። ከመካ ተሻግረው በንጉሡ በነጃሺ ጥላ ሥር የኖሩት ጃዕፈር ቢን አቢ ጧሊብና ባልደረቦቻቸው ወደ ነቢዩ የተመለሱት በ7ኛው የሂጅራ ዓመት፣ በ620 ዓ.ም. ነው። ኋላ በእነ ዑመር ውሳኔ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የተባሉትን ዓመታት የኖሯቸው በእኛ ምድር ነው።

ስሌቱ በዕለት ብቻ እንዳይወሰን ፋሲካውንም እናውጣው። 6114 ለ19 ሲካፈል 15 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር 14 ይሆናል። 14 በ19 ሲባዛ 266፤ ለ30 ሲካፈል 26 ይተርፋል፣ ይህ መጥቅዕ ነው። ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 26 ይውላል። መስከረም 1 ቅዳሜ ከሆነ 26 ረቡዕ ነው፤ የረቡዕ ተውሳክ (በዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 4 ነው። 26 እና 4 ሲደመሩ መባጃ ሐመር 30 ይሆናል፤ ነነዌ ሰኞ ጥር 30 ትገባለች። 69 ቀን ስትጨምሩ ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 9 ላይ ይውላል፤ በጁሊያን ኤፕሪል 4 ነው።

አሁን የባይዛንታይኑን ታሪክ ጸሐፊ ቴዎፋነስን እንጠይቅ። መስቀሉን ከፋርስ ያስመለሰው ሕርቃል በዚያው ዓመት ለፋርስ ዘመቻው ከቁስጥንጥንያ የወጣው ኤፕሪል 4 ፋሲካን ካከበረ በኋላ፣ በማግስቱ ሰኞ ማታ እንደሆነ ጽፏል። ከእስክንድርያ የወረስነው የፋሲካ ቀመር ቁስጥንጥንያም ትሠራበት ስለነበር ሕርቃል ያከበረው ፋሲካ እኛ አሁን በወረቀት ካወጣነው ቀን አልተለየም።