ገበጣ፦ ከልጅነት ደጃፍ እስከ ዓረቡ ዓለም

በኢትዮጵያ ያደጉ ብዙዎች በልጅነታቸው መሬት ላይ ጉድጓዶች ቆፍረው፣ ጠጠር ለቅመው ገበጣ ተጫውተዋል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ሥራና ስደት ሲከተል ጨዋታው ይረሳል።

ሆኖም በዓረቡ ዓለም የሚኖር ኢትዮጵያዊ የልጅነት ጨዋታውን ባልጠበቀው ስፍራ ሊያገኘው ይችላል። ዓረቦች “መንቀላ” የሚሉት ጨዋታ የገበጣ ዘመድ ነው፤ ስሙም “ከቦታ ወደ ቦታ አዛወረ” የሚል ፍቺ ካለው “ነቀለ” ከተሰኘው የዓረብኛ ግስ የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን እ.ኤ.አ. በ1836 ባሳተመው መጽሐፍ የካይሮ ነዋሪዎች 12 ጉድጓድ ባለው ገበታ በ72 ጠጠሮች ወይም ዛጎሎች ይጫወቱት እንደነበር ገልጿል።

የገበጣ ሕግ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የገበጣ ዓይነቶች መዝግበዋል። ይሁን እንጂ ሕጉ በአብዛኛው ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፈው በጨዋታው ላይ እንጂ በጽሑፍ አይደለም። ስለዚህ ወደ ገበጣ የሚመለስ አዋቂ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አያገኝም፤ ያደገበትን ቀዬ ሕግ ከመረሳት ያድናል።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። የ12 እንቁላል መያዣ ካርቶን ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያላቸው ሁለት ረድፎች አሉት፤ ሽምብራም ጠጠርን ይተካል። በባዕድ አገር የተወለደ ልጅ ጨዋታውን ማን እንዳስተማራቸው ወላጆቹን ሲጠይቅ፣ መልሱ የአያት ስምና የመንደር ስም ይሆናል።