የጤና መድን ካርድ ይዘው ከኪስዎ እንዳይከፍሉ

የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ክትትሉን የሚያቋርጠው ብዙ ጊዜ ሕመሙን ንቆ ሳይሆን የሚከፍለው አጥቶ ነው። ዛሬ በገንዘብ እጥረት የተቋረጠ መድኃኒት ነገ ስትሮክ ወይም የኩላሊት ድክመት ሊያስከትል ይችላል።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይህን ችግር ለማቃለል የታሰበ ነው። ዓመታዊ መዋጮ የከፈለ አባል ውል በተገባበት ጤና ተቋም ሲታከም ተጨማሪ ድርሻ አይጠየቅም። መዋጮውን መክፈል የማይችሉ ወገኖች በየቀበሌው ተለይተው ወጪያቸውን መንግሥት ይሸፍናል።

ጥቅሙ የሚገኘው ግን ቅደም ተከተሉ ሲጠበቅ ነው። ከአርጡማ ፉርሲ ወይም ከደዋ ጨፋ ተነሥቶ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ከሚሴ ሆስፒታል የሚሄድ አባል የወጪውን ግማሽ እንዲከፍል ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ድንገተኛ ሕመም ሲሆን ግን ጊዜ አያባክኑ፤ በቅርብ ወደሚገኘው ሆስፒታል ይድረሱ።

«መድኃኒቱ የለም» ከተባሉ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ከመሄድዎ በፊት ተመሳሳይ መድኃኒት መኖሩን ሐኪሙን፣ ውል ያለው ሌላ መድኃኒት ቤት መኖሩን ደግሞ የመድን ሠራተኛውን ይጠይቁ። መድኃኒት በሌለበት «ነፃ ሕክምና» ከወረቀት አያልፍምና ተቋማትም አቅርቦቱን ሊያስቡበት ይገባል።

ካርድዎን በወቅቱ ያሳድሱ። አቅም ከሌለዎት ለቀበሌዎ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ያመልክቱ። የወሊድ፣ የክትባትና የቲቢ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ካርድ ለሌለውም በነፃ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካሳልዎ ዛሬውኑ ይመርመሩ።