ፔዳሉ ይገፋል፣ አምፑ ይጮኻል

የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋቾች እግራቸው ሥር ከሚደረድሯቸው ትናንሽ የብረት ሣጥኖች መካከል ኦቨርድራይቭና ቡስት የሚባሉት ፔዳሎች በየመድረኩ የማይታጡ ናቸው። ብዙ ጀማሪ ግን ፔዳሉን የሚገዛው ሻካራውን የሮክና የብሉዝ ድምፅ ሣጥኑ ውስጥ ተዘጋጅቶ ያገኘው መስሎት ነው። አምፕሊፋየሩ በትራንዚስተር የሚሠራ ከሆነ ግምቱ ከእውነት ብዙም አይርቅም። አምፑ የቲዩብ (የቫኩም ቱቦ) ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያን ድምፅ የሚያወጣው በዋናነት አምፑ ራሱ ነው። የፔዳሉ ድርሻ አምፑን መግፋትና ወደ እሱ የሚገባውን ድምፅ አስቀድሞ ማስተካከል ነው።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይታያል። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የጊታር ፒክአፕ የሚያመነጨው ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ 1 ቮልት እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ የሚቀበለው የፕሪአምፕ፣ ማለትም የአምፑ የመጀመሪያ ክፍል ቲዩብ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ የጊታር አምፖች ውስጥ ይህ ቲዩብ በአሜሪካ 12ኤኤክስ7፣ በአውሮፓ ኢሲሲ83 የሚባለው ነው። ቲዩቡ የመጣለትን አጉልቶ ያሳልፋል፤ ግን ልክ አለው። ከልኩ ያለፈ ሲመጣበት የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ በዚህ ጊዜ በዋናው ኖታ ላይ ሌሎች ሃርሞኒኮች ይጨመራሉ፤ ድምፁም ይሻክራል። የቲዩብ ጥሩነቱ ወደዚህ ልክ የሚደርሰው ቀስ በቀስ መሆኑ ነው፤ ክሩ በስሱ ሲነካ ጥርት ይላል፣ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ይሻክራል። ቡስት ፔዳል የሚያደርገው ይህን ልክ ቶሎ እንዲደረስበት ማድረግ ነው። 20 ዲሲቤል የሚጨምር ቡስት ቮልቴጁን 10 እጥፍ ያሳድገዋል፤ ዝም ብሎ የነበረው ቲዩብም ወዲያው ይጨናነቃል።

ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ የወጣው ዳላስ ሬንጅማስተር በአንድ የጀርማኒየም ትራንዚስተር ብቻ የሚሠራ፣ ቀጫጭኑን ድምፅ ለይቶ የሚያጎላ ቡስተር ነበር። ለብቻው ሲሰማ ሲበዛ የሳሳ ነው። ሮሪ ጋላገር ከቮክስ ኤሲ30፣ ቶኒ አዮሚ ከሌኒ አምፕ ጋር ሲያገናኙት ግን የሁለቱም መታወቂያ የሆነው ድምፅ ወጣ። የኲን ጊታሪስት ብራያን ሜይም በቡስተር የሚገፋቸውን ኤሲ30 አምፖች አልተለየም። ቀጭኑ ድምፅ ተለይቶ የሚጎላበት ምክንያት አለው፤ ወፍራሙ ድምፅ ጉልበት ስለሚበዛበት ቲዩቡን ቀድሞ ያጨናንቀዋል፤ ያኔ ኖታው ሁሉ እርስ በርሱ ይደበላለቃል። ወፍራሙ ቀንሶ ቀጭኑ ከጎላ ግን ቲዩቡ እየተጨናነቀም እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይሰማል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከጃፓን የመጣው የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመርም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ድራይቭ (የሻካራነቱ መጠን)፣ ቶን (የድምፁ ቀለም) እና ሌቭል (የሚወጣው ድምፅ ከፍታ) የሚባሉ 3 ማዞሪያዎች አሉት። ራሱም በዳዮዶች ድምፁን ያሻክራል፤ ከ720 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ግን እየቀነሰ ነው የሚያጎላው። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ላይ የሚቃኝ ስለሆነ የሚቆጠበው የትኛው ድምፅ እንደሆነ ግልጽ ነው። ስቲቪ ሬይ ቮን ፔዳሉን ከፌንደር አምፖች ጋር ተጠቅሞበታል። በሄቪ ሜታልም ድራይቩን እስከ መጨረሻው ዝቅ፣ ሌቭሉን ከፍ አድርጎ አስቀድሞ የሻከረ አምፕ ላይ መሰካት የተለመደ ነው። ፔዳሉ የሚፈለገው በራሱ ሻካራነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ድራይቩን የሚዘጋው ሰው ባልኖረ ነበር።

«ታዲያ ፔዳል ለምን? አምፑን ራሱን ከፍ ማድረግ አይበቃም?» የሚል ይኖራል። ቦታው ከፈቀደ ይበቃል፤ ግን እምብዛም አይፈቅድም። ቲዩብ አምፕ እስኪሻክር ከተከፈተ ለትንሽ አዳራሽ እጅግ ይጮኻል። አነስ ያለ አምፕ መግዛትም የሚታሰበውን ያህል አይረዳም፤ በ100 ዋትና በ50 ዋት አምፕ መካከል ያለው ልዩነት 3 ዲሲቤል ብቻ ነውና። ሌላው ቅሬታ፣ ቡስቱ ለሶሎ ሲረገጥ ድምፁ ከፍ አይልም የሚለው ነው። ይህ የፔዳሉ ጥፋት አይደለም፤ ሞልቶ በሚፈስ እንስራ ላይ ውሃ ቢጨምሩ የሚበዛው የሚፈሰው እንጂ እንስራው አይተልቅም። ጩኸት የሚፈልግ ቡስቱን ከፕሪአምፑ በኋላ፣ ኤፌክት ሉፕ በሚባለው መግቢያ ላይ ይሰካ፤ ስፒከሩን የሚነዳው የፓወር አምፑ ክፍል ቲዩቦች እስካልሞሉ ድረስ ድምፁ ከፍ ይላል። ድራይቩን ከፍ አድርጎ ጥርት ባለ አምፕ ላይ መጫወትም ነውር የለውም፤ ያን ጊዜ ግን የሚሰማው በአብዛኛው የፔዳሉ ድምፅ ነው።

ስለዚህ ቲዩብ አምፕ ያለው ሰው ፔዳል ከመምረጡ በፊት አምፑን ይወቅ። ፔዳሉን ሳይረግጥ፣ ክሩን ጠንከር አድርጎ ሲመታ ድምፁ መሻከር እስኪጀምር ድረስ አምፑን ይክፈት። ከዚያ ድራይቩን ዝቅ፣ ሌቭሉን ከፍ አድርጎ ፔዳሉን ይርገጥ። ድምፁ ካልጣመው አምፑን ያስተካክል፤ አዲስ ፔዳል መግዛት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።